ማጣሪያ ያወጣ ማጣት ያስገባል

«የሚሠራ ሞተር አይነካም!»

ተናገሩ ጋሽ አይነኬ! ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፤ የወፍጮው ሰልፍ ሁሉ ይስማ። እናቶች፣ እህቶች፣ ጆንያችሁን አውርዱና ጠጋ በሉ። እህሉ ይቆይ፤ ዛሬ መጀመሪያ የሚፈጨው ወሬ ነው።

የሚሠራው ካልተነካ የቆመው ሊነካ ነው? የቆመውንማ እርስዎ አይነኩትም፤ እሱ ነው እርስዎን የሚነካዎት፣ ያውም ኪስዎን። እንዲህ የሚል ሰው ሆሳዕና ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ሾኔ አለ፣ ጊምቢቹ አለ፣ ዱራሜ አለ፣ አንጋጫና ሺንሺቾም አለ። በየወፍጮ ቤቱ፣ በየውሃ ፓምፑ፣ በየአይሱዙው መሪ ላይ አንድ ጋሽ አይነኬ ተቀምጧል። ሞተሩ ላይ እጁን አያሳርፍም፤ ምላሱንም አያሳርፍም። «ሞተሩ አልተነካም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነካ ያደረገው ሌላ ነው!

«ሞተሩ እኮ በድንገት ነው የቆመው» ይላሉ ደግሞ። ድንገት? ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ሲያቅማማ አዩት። ጭሱ ሲጠቁር አዩት። ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ሰሙት። ከሥሩ ያንጠባጠበውን ዘይት በጫማዎ ረገጡት፤ ከዚያም ጫማዎን ጠረጉ፣ ዘይቱን ተዉት። ያዩት፣ የሰሙትና የረገጡት ነገር እንዴት ድንገት ይባላል? ድንገት የሆነው የእርስዎ መንቃት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለማን መሰለዎት? እርስዎ ግን ቅጠሉ እጅዎ ላይ ደርቆ፣ ቃጠሎው ሲመጣ መካኒክ ይጠራሉ።

ደግሞስ የሚቆመው መቼ ነው? ሀዲያ ላይ የያሆዴ በዓል ሊገባ ሲል፣ ከምባታ ላይ የመሳላ በዓል ሊገባ ሲል! አገር ሁሉ ስንዴውን ተሸክሞ በመጣበት ሳምንት ሞተር ቆመ፣ ድንጋይ ቆመ፣ ሰልፍ ቆመ። እርስዎም በአቋምዎ ቆሙ። «ቆጮ ብሉ» ብለው ሊያባብሉን ነው? እንሰትማ ይመስገን! ናፍጣ አይጠይቅ፣ መለዋወጫ አይጠይቅ፣ በድርቅም አይተወን። እንሰት ስላላሳፈረን ግን ሞተር ይግደሉ የሚል ፈቃድ አልሰጠንዎትም።

እንግዲህ ሞተሩ አልነሣም አለ። የጋሽ አይነኬ መድኃኒት ዝግጁ ነው፦ «ካንዴላው ነው፤ ካንዴላ ይቀየርለት!»

የትኛው ካንዴላ? ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም! በብልጭታ የሚቀጣጠለው የቤንዚኑ ነው። የናፍጣው አየሩን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ፣ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል አምቆ፣ ከ500 ዲግሪ በላይ ያግለዋል። ናፍጣው ደቅቆ ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ሠርቶ ያስመሰከረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሰውየው ከካንዴላ ነፃ ካወጣን ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ እርስዎ ዛሬም ካንዴላ ግዛ ብለው ልጅ ይልካሉ። ለብርድ ጠዋት የሚያግዝ ማሞቂያ ያለው ናፍጣ ሞተር አለ፤ እሱ ሌላ፣ ካንዴላ ሌላ። ለዚህ ሞተር ካንዴላ የሸጠልዎት ነጋዴ ካለ፣ ሞተሩ ባይነሣም ነጋዴው ተነሥቷል።

«እሺ፣ ጨርቅ ቤንዚን ነክሬ፣ አቀጣጥዬ፣ አየር መሳቢያው አፍ ላይ እይዝለታለሁ!»

ጎበዝ! እሳቱ መሆን ያለበት ሲሊንደሩ ውስጥ ነበር፤ እርስዎ ጋቢዎ ላይ አደረጉት። ቤንዚንም ሆነ ኤተር በዚያ ሁሉ እመቃ ውስጥ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል። ፒስቶኑ ገና ሲወጣ ከላይ በኩል ይመታዋል። የፒስቶኑን ፋሻ ይሰብራል፣ ማሞቂያ ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ የባሰውን ያመጣል። ሞተሩ ተነሣ ብለው ሲያጨበጭቡ፣ ውስጥ ያለው ብረት እያለቀሰ ነው። ናፍጣ ሞተር ለመነሣት የሚለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ንጹሕ ናፍጣ፣ በቂ አየር፣ ጠንካራ እመቃ። ችቦ የሚል ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ይልቅስ ልንገርዎት፤ ናፍጣው አልቆ ከቆመ፣ ወይም ማጣሪያ ከተፈታ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። አየር ይጨመቃል፤ ናፍጣን አይገፋም። ስለዚህ ሰልባቶዮውን ይሙሉ። ማጣሪያው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ያድርጉ። በእጅ መግፊያው ይግፉ፤ አረፋ አረፋ ይወጣል። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ ያጥብቁ። ወደ ናፍጣ ፖምፓው ይሂዱና ያንኑ ይድገሙ። በመጨረሻ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ ላላ አድርገው ሞተሩን ያዙሩት፤ ናፍጣው ብቅ ሲል ያጥብቁ። አለቀ! አንዲት ቁልፍና ትንሽ ትዕግሥት የምትጨርሰው ሥራ ናት። እርስዎ ግን ሦስት ጎረምሳ አሰልፈው በማኖቬላ ያስፈጇቸዋል። ሞተሩ አየር በዝቶበት፣ ጎረምሳው አየር አጥሮት!

«ኖዝሉ ደህና መሆኑን በመዳፌ እፈትሻለሁ።» ተው ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም! ኖዝል የሚረጨው ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ቆዳ ይበሳል፣ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ያስገባል፤ ቀዳዳዋ ትንሽ ናት ብለው ሲንቋት እጅ እስከማስቆረጥ ትደርሳለች። መዳፍዎን ማንበብ ያማረዎት እንደሆነ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

ወደ ዋናው ጥፋትዎ ልምጣ። ሰልፍ፣ ዝም በሉልኝ፤ ይህቺን ራሳቸው ይበሏት።

«ማጣሪያ ሞተሩን ያፍነዋል፤ አውጥቼ ጣልኩት!»

ሰማችሁ? ማጣሪያ ያወጣ ማጣት ያስገባል! ናፍጣ ፖምፓው ውስጥ የሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት አንድ የራስ ፀጉር የማይገባበት ነው። እርስዎ ግን ከነአሸዋው፣ ከነዝገቱ፣ ከነአተላው ለቀቁበት። ማጣሪያው ያፈነው ሞተሩን አይደለም፤ ቆሻሻውን ነው። ሲሞላ ይቀየራል እንጂ ሥራውን ስለሠራ አይባረርም። ሥራውን የሠራ የሚባረር ቢሆን ኖሮ እርስዎን ማንም አያባርርዎትም ነበር።

የአየር ማጣሪያውስ? ወፍጮ ቤት እኮ ነው! አንድ ቀን የዋለ ሰው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ያንን ሁሉ ዱቄት ሞተሩም ይተነፍሰዋል። ዘይት የሚቋጥረው ዓይነት ማጣሪያ ከሆነ ዘይቱ ይደፋል፣ ሳህኑ ይታጠባል፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ይገባበታል። የወረቀቱ ዓይነት ከሆነ ይራገፋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። እርስዎ ምን አደረጉ? ወረቀቱን በቤንዚን አጠቡት! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እሷስ መጽሐፉን ብቻ ነው የፈጀችው፤ እርስዎ ሞተሩንም ጨመሩበት።

«ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው፤ ከመንገድ ዳር በጄሪካን እገዛለሁ።» ያው ነው? አንዱ ላምባ የተቀላቀለበት ነው፤ ላምባ ቀጭን ነው፣ ፖምፓውን የሚያለሰልሰውን ቅባት ያሳጣዋል። ሌላው ትናንት የምግብ ዘይት በነበረ ጄሪካን የመጣ ነው። ሌላው ውሃ ጠጥቶ የመጣ ነው። እኔ ውሃ ቀጠነ አላልኩም፤ ውሃ ገባ ነው ያልኩት! የእኛ ደጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ግማሽ ባዶ በሆነ በርሜል ውስጥ ያለው እርጥበት በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል። ስለዚህ በርሜሉን ማታ ሞልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት ከሥሩ ትንሽ ያፍስሱ፣ ከላይ በኩል ይቅዱ፣ በማጣሪያ ጨርቅ ያሳልፉ። እርስዎ በርሜሉን ዘንበል አድርገው የመጨረሻዋን ጠብታ ለሞተሩ ያጎርሱታል። ጉርሻ ያስጨንቃል ሲባል አልሰሙም?

ቀጥሎ ምን አሉ? «ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው!»

ጉልበቱ በጭስ ማውጫ ከወጣ ድንጋዩን ማን ያዙረው? ጥቁር ጭስ ማለት በወጉ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ማለት ብር ነው። ብርዎን እያጨሱ «ምን ዓይነት ጉልበት!» ይላሉ። ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይ ኖዝሉ መርጨት ትቶ ማንጠባጠብ ጀምሯል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ጭነውበታል። በዚህ ላይ ያለንበትን ይወቁ። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎድሎታል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ጉልበት እዚህ አያገኘውም። ይህን የሚያውቅ ሰው የናፍጣውን መጠን በባለሙያ ያስቀንሳል፣ ጭነቱንም ይመጥናል። እርስዎ ናፍጣ ይጨምሩለታል! አየር ያጠረውን ናፍጣ ማጠጣት ምን ይባላል? እኔ ልንገርዎት፦ ሰማይ ማጥቆር ይባላል። ዱራሜ ላይማ የአምባሪቾ ተራራ ራሱ ባላጠፋው እንዳይታማ እፈራለሁ።

«የእኔ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው።» አሁን ደግሞ ቀለም ይምረጡ! ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ መሆኑን ይናገራል። ፋሻው አልቋል፣ ወይም የቫልቩ መምሪያ ሰፍቷል፣ ወይም ዘይቱን ከልክ በላይ ሞልተውታል። ፋሻው ላለቀበት ሞተር ጤና ጣቢያ ሄደው ፋሻ አያመጡለትም፤ ሞተር ወርዶ ነው የሚቀየረው። ነጭ ጭስስ? በብርድ ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደል። ሞተሩ ሞቆም ካልለቀቀ ግን ወይ እመቃው ወርዷል፣ ወይ ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓት ተዛብቷል፣ ወይ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቷል። የራዲያተሩ ውሃ ሳያፈስ እየጎደለ ከሆነ እሱው ነው። ሦስት ቀለም፣ ሦስት ወሬ። ሞተሩ በየቀኑ በጭሱ ሲነግርዎት እርስዎ ዓይንዎን አሽተው ዞር ይላሉ።

«ዘይት ይጨመራል እንጂ አይቀየርም!» ይህቺን ማን አስተማረዎት? ዘይት ሻጩም አይላትም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥላሸት መጥቆሩ የወግ ነው፤ ጥላሸቱን ተሸክሞ መውጣት ሥራው ነው። ተሸክሞ ተሸክሞ ሲሞላ ግን ማለስለሱን ይተውና መሞረድ ይጀምራል። ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች አምራቾቹ የሚሰጡት ጊዜ ከ100 እስከ 250 የሥራ ሰዓት ነው። ዘይቱ ሲቀየር ማጣሪያውም አብሮ ይቀየራል። እርስዎ ከላይ አዲስ፣ ከታች አሮጌ፣ በመሃል ጭቃ። ብሮንዚናው ተበልቶ ኮሎው ሲነክስ ጣትዎን ይነክሳሉ። ሁለታችሁም ነከሳችሁ፤ የሚከፍለው ግን አንዳችሁ ነው።

«ኧረ የእኔ ዘይት ይባስ ብሎ በራሱ ጨምሯል፤ በረከት ነው!» እልል በሉ እናቶች፣ ጋሽ አይነኬ ዘይት አፈለቁ! በረከት ሳይሆን ናፍጣ ነው ጋሼ። ከፖምፓው ወይም ከኖዝሉ ያመለጠ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ወርዶ አቅጥኖታል። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከነጣ ደግሞ የገባው ውሃ ነው። በዚያ ዘይት ሞተሩን አንድ ዙር እንኳ አያስነሡት። የጨመረው ካልወረደ ሞተሩ ዘይቱን እየጠጣ፣ ናፍጣ ቢዘጉበትም አልቆም ብሎ ሊያብድ ይችላል። ያኔ ማቆሚያው አየሩን መከልከል ነው፤ የአየር መሳቢያውን አፍ በጣውላ ጥርቅም ማድረግ። በእጅዎ እንዳይሞክሩት፤ ይስበዋል። በነጠላዎም አይሞክሩት፤ ይውጠዋል። ከዚያ በሩጫ ወደ ውጭ!

«ሲፈላ ቀዝቃዛ ውሃ እደፋበታለሁ።» ቴስታታው ይሰነጠቅና ውሃው ሳይሆን እርስዎ ይፈላሉ! ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ግን በ92 ወይም በ93 ላይ ይንፈቀፈቃል። ለዚህ ነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ያለበት። እርስዎ ክዳኑን ጥለው በላስቲክ አሥረውታል! ለሆሳዕና ሞተር ክዳን ጌጥ አይደለም። ሞተሩ ከጋለ ጭነቱን ያውርዱለት፣ ያጥፉት፣ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ የጋለ ክዳን በባዶ እጅ የከፈተ ሰው ፊቱ ይመሰክራል። ከበረደ በኋላ ይመርምሩ፦ ውሃው ጎድሏል? የማራገቢያው ቺንጋ ላልቷል? የራዲያተሩ ሽንትር በዱቄት ተደፍኗል? ሻጉራ ይዞታል? መልሱ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነው። እርስዎ ግን መልሱን ሳይፈልጉ መልሰው ያስነሡታል።

ይህን ደግሞ ለሰልፉ ነው የምናገረው፤ ጋሽ አይነኬም ይስሙ። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚሄደው ቺንጋ መከለያ ከሌለው አጠገቡ አትለፉ። ነጠላ ይስባል፣ ቀሚስ ይስባል፣ ልጅ ይስባል። «ሃምሳ ዓመት እንዲሁ ነበር» ይሉናል። ቺንጋ ዕድሜ አያከብርም! ሁለት ጣውላና ጥቂት ሚስማር ከአንድ ክንድ ይረክሳሉ። ጭስ ማውጫውም ከቤት ውጭ ይውጣ፤ የናፍጣ ጭስ በተዘጋ ቤት ሲከማች ሰው ይገድላል። ዱቄት ልንወስድ መጣን እንጂ ልንፈጭ አልመጣንም።

«እኔ እኮ ሁሉንም አድርጌ ነበር፤ ዓይን በላው!» የማንን ዓይን? የጎረቤትዎን? ጎረቤትዎ ቢያይ ኖሮ ዘይቱን ያይልዎት ነበር። ይህ ሞተር ዓይን የበላው ሳይሆን ዓይን የራበው ነው! ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት የዘይቱን መለኪያ መዝዞ የሚያይ ዓይን። ውሃውን የሚያይ፣ ቺንጋውን የሚያይ፣ ሥሩ የፈሰሰ ነገር እንዳለ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ዓይን። የቡና ጀበና እስኪፈላ ባለው ጊዜ ያልቃል። እርስዎ ጎንበስ የሚሉት የወደቀ ሳንቲም ለማንሣት ብቻ ነው፤ እዚያው ሞተሩ ሥር ብዙ ሺህ ብር ወድቋል።

«መብራት ገብቷል፤ ናፍጣ ሞተር ዘመኑ አልፏል።» ልክ ነው፣ መብራት ገብቷል። ወጥቷልም! ሲወጣ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ጄኔሬተሩ ዘንድ ነው። ጄኔሬተሩ ምን ያለው ነው? ናፍጣ ሞተር! ለክፉ ቀን ተብሎ የቆመ ሞተር ደግሞ ከሚሠራው የበለጠ ይታያል፤ በየጊዜው ተነሥቶ፣ ጭነት ይዞ፣ ሞቆ ካልዋለ ባትሪው ይሞታል፣ ናፍጣው ያረጃል፣ ውስጡ ይዝጋል። ክፉ ቀን ሲመጣ እሱም ክፉ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

አሁን ደግሞ ሊያመልጡኝ ነው፦ «ይህ ሁሉ ለጀልባ ሞተር የሚባል ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ሐይቅ የለም!»

ሐይቅ የለም? ሻሾጎ ላይ ቦዮ ሐይቅ ሲሰማ ይቀየምዎታል። ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ኦሞን ወደ ኋላ አስተኝቶ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ረጅም ሐይቅ ዘርግቷል። ዳውሮ ላይ ሀላላ ኬላ ወርደው ይዩት። አርባ ምንጭ ላይ ጫሞ አለ፣ ባሕር ዳር ላይ ጣና አለ። «ጣናነሽ 2» የምትባለው ትልቅ ጀልባ ከጂቡቲ በየብስ ተጎትታ ጣና ስትገባ አገር ሁሉ አጨብጭቧል። በሆድ ዕቃው ናፍጣ ሞተር የተሸከመ ጀልባ ከእርስዎ ወፍጮ ሞተር ጋር የአንድ አባት ልጅ ነው። ናፍጣውም ያው፣ ማጣሪያውም ያው፣ የአየር ማስወጣቱም ሥርዓት ያው።

ልዩነቱን ልንገርዎት። ብዙው የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። መሳቢያው ላይ ወንፊት አለ፤ ወንፊቱ ሣር ከያዘ ሞተሩ ውሃ መሃል ሆኖ ውሃ ይጠማዋል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የተንሰራፋው እምቦጭ ለዓሣ አጥማጁ ብቻ አይደለም ጠላቱ። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ የጎማ ክንፍ አለው፤ በደረቁ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ ይቀደዳል። ስለዚህ ባለጀልባው ሞተሩን እንዳስነሣ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ኋላ ነው፦ ከጭስ ማውጫው ጋር ውሃ ይወጣል ወይ? ካልወጣ ወዲያው ያጠፋል። እርስዎ እዚያ ቢሆኑ «የሚሠራ ሞተር አይነካም» ብለው ወደ መሃል ይቀዝፉ ነበር። ወፍጮ ቤት ሞተር ቢቆም ቤትዎ ይገባሉ። መንገድ ላይ አይሱዙ ቢቆም ወርደው ይገፋሉ። ሐይቅ መሃል ሞተር ቢቆም ወዴት ነው የሚወርዱት?

ጋሽ አይነኬ ዝም አሉ። አይ፣ አንዲት ቀርታቸዋለች፦ «ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?»

ይህን ሞተር የገዙበት ገንዘብ ከየት መጣ? ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ከሚያድረው ወንድምዎ አይደለም እንዴ? እሱ በስደት አገር ነፍሱን ይዞ የላከውን ብር እርስዎ በአንድ ማጣሪያ ስስት ያቃጥሉታል! አንድ የዘይት ማጣሪያና አንድ ቅያሪ ዘይት ሞተር ከማውረድ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የወረደ ሞተር ሲሊንደር ያስቆፍራል፣ ፒስቶን ያስገዛል፣ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ወፍጮውም ይዘጋል፤ ደንበኛውም ጎረቤት ይሄዳል። ሞተሩ ወረደ፣ ገቢው ወረደ፣ የእርስዎም ማዕረግ ወረደ። ያልወረደው የመለዋወጫው ዋጋ ብቻ ነው! ወንድምዎ ደውሎ «ሞተሩ እንዴት ነው?» ሲልዎት «ደህና ነው፣ አርፏል» ይሉታል። አርፏል ሲባል በአማርኛ ለቅሶ እንደሚቀመጡ ረሱት?

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ። ይህ ሞተር ደብተር አለው? ዘይቱ የተቀየረበት ቀን፣ ማጣሪያው የገባበት ቀን፣ የሠራው ሰዓት የተጻፈበት ተራ የተማሪ ደብተር፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ? የለም! የዱቤ ደብተር ግን አለዎት። ማን ስንት ኪሎ አስፈጭቶ እንዳልከፈለ፣ ከነቀኑ፣ ከነሳንቲሙ፣ ከነአያቱ ስም ጽፈዋል። ምስኪን እናት አምስት ብር ቀርቶባት በሰልፍ ፊት ሲጠሯት አይተናል።

እንግዲያውስ ያንን ደብተር አምጡት። አዲስ ገጽ ይገለጥ። ከላይ የእርስዎ ስም ይጻፍ። ሥሩ ዕዳው ይዘርዘር፦ ያልተቀየረ ዘይት፣ የተጣለ ማጣሪያ፣ በላስቲክ የታሠረ ክዳን፣ ያልተከለለ ቺንጋ። ከባለዱቤዎች ሁሉ ትልቁ ባለዕዳ እርስዎ ነዎት! አበዳሪው ሞተሩ ነው፤ እሱ ደግሞ አይለማመጥም፣ ሽማግሌ አይሰማም፣ ወለዱን በአንድ ቀን ይወስዳል።

እናንተም ሰልፈኞች፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። ጋሽ አይነኬ ነገ «የዱቤሽን አምጪ» ካሏችሁ በአክብሮት ጎንበስ በሉና እንዲህ በሏቸው፦ «እርስዎ ይቅደሙ፣ ጋሼ!»